አምስት ወንበር፣ ሁለት ስፒከር

ይህ ታሪክ ሳይጻፍ ሊቀር ምንም ያህል አልቀረውም ነበር። ጸሐፊው ገና ተማሪ ነው፤ የሰውን ገመና ወረቀት ላይ ለማስፈር ምን መብት አለኝ እያለ ጀምሮ ቀዶታል፤ ደግሞ ጀምሮ ደግሞ ቀዶታል። በመጨረሻ ባለታሪኳን ሄዶ ቢጠይቃቸው እትዬ ሳቁበት። «ልጄ እንደሆነ ከስልኩ በቀር የሚያነበው ነገር የለም፤ ምን ያስፈራሃል? ጻፈው!» አሉት። ድፍረቱ እንግዲህ የእርሳቸው ነው፤ ጉድለት ቢገኝ ግን የጸሐፊው።

«እትዬ» የሚለውን ስም ያወጡላቸው የሥራ ባልደረቦቻቸው ናቸው። ስሙ ከፋብሪካው በር ወጥቶ ሰፈሩን ሁሉ ስላዳረሰ እዚህም በዚሁ ይጠራሉ። ጉልበታቸውን የጨረሱት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ በሽመና ክፍል ውስጥ ነው። በዚያ አዳራሽ የሽመና መኪናዎቹ አንድ ጊዜ ከተነሡ ሰው የራሱን ሳል እንኳ አይሰማም። ስለዚህ ሴቶቹ ድምፅ ማውጣቱን ትተው በከንፈር ብቻ ያወሩ ነበር። አንዷ ከአዳራሹ ጥግ አፏን ታንቀሳቅሳለች፤ ሌላዋ ከወዲያኛው ጥግ አንብባ ትስቃለች። አለቃው በመካከላቸው እየተንጎራደደ እርሱኑ ያሙታል። በዚህ ጥበብ እትዬን የሚስተካከላቸው አልነበረም። የክር መበጠስንም ከዓይናቸው በፊት መዳፋቸው ያውቀው ነበር፤ ክሩ ሲበጠስ የብረቱ መንቀጥቀጥ ይለወጣልና።

ፋብሪካው በጡረታ ሲያሰናብታቸው ጆሯቸውን አስቀረው። ይህን ግን ለማንም አልተናገሩም፤ እንዳረጀ ዕቃ መታየት አልወደዱም። ቤተሰቡ «ጆሯቸው ትንሽ ደከም ብሏል» ብሎ ይጮህላቸዋል፤ እርሳቸውም በጆሯቸው የሰሙ መስለው ይመልሳሉ። እንደ እውነቱ ከሆነ ጩኸቱ አይፈይድላቸውም፤ የሚያነቡት ከንፈር ነው፤ ሰው ሲጮህ ደግሞ ከንፈሩ ይበላሻል።

የሚኖሩት ከልጃቸውና ከምራታቸው፣ ከሁለት የልጅ ልጆችም ጋር ነው። ልጅቱ ትምህርት ቤት ገብታለች፤ ሕፃኑ ያን ጊዜ ገና ጡት አልጣለም ነበር። ለእትዬ ፊልም ማለት ድምፁ ደረት ላይ ሲያርፍ ነው፤ አለዚያ የሞተ ይመስላቸዋል። ሪሞቱ እጃቸው ሲገባ የሳሎኑ መስኮት ይንቀጠቀጣል፤ ሕፃኑ ብንን ብሎ ያለቅሳል፤ ምራታቸው መጥታ ትቀንሳለች፤ እትዬ ምራታቸው ወጥ ቤት እስክትገባ ጠብቀው መልሰው ይጨምራሉ።

አንድ ቀን ልጃቸው አጠገባቸው ቁጭ አለ። «እማዬ፣ ያቺን ምድር ቤት ያለችውን ዕቃ ቤት ለምን ሲኒማ አናደርጋትም? ፕሮጀክተር ከጓደኛዬ አገኛለሁ፤ የሚጎድለን ድምፅ ብቻ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሁላችንም ወርደን እናያለን።»

እትዬ «ሁላችንም» የምትለዋን ቃል ከከንፈሩ ላይ ለቅመው ያዟት። ዕቃ ቤቷን ጠርገው አጠቡ። ባዶ ግድግዳ ድምፅን መልሶ እንደሚወረውር ከፋብሪካው ያውቁ ነበርና ከሣጥናቸው ወፍራም ጨርቅ አውጥተው ግድግዳው ላይ ሰቀሉ። ከዚያም አምስት ወንበር ደረደሩ። አምስተኛዋ፣ ዝቅ ያለችው፣ እስኪያድግ የምትጠብቀው የሕፃኑ ነበረች።

የድምፅ ዕቃው መግዣ ከጡረታቸው የተጠራቀመች ጥቂት ገንዘብ ስለነበረች ምርጫውም የእርሳቸው ሆነ። እናትና ልጅ አብረው ወደ ሱቅ ሄዱ። ሻጩ ሆዱ ከራሱ ቀድሞ እንግዳ የሚቀበል ተጫዋች ሰው ነው።

«እማማ፣ ይቺን ይስሙልኝ! ጎረቤት ቤቱን ለቆ ነው የሚሄደው» ብሎ ትልቁን የቤዝ ስፒከር ለቀቀው።

እትዬ መዳፋቸውን ሳጥኑ ላይ አሳረፉ። «ይሄ ነጎድጓድ ነው። የእኔ ክፍል ጠባብ ናት፤ የምናየው አምስት ሰው ነን። ሰው የሚያወራበት የለህም?»

«ለወሬማ ሬዲዮ ይበቃዎታል!»

«አንተስ ከሬዲዮ በምን ትለያለህ? አምጣ ስልህ አምጣ።»

ሻጩ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ባልና ሚስት የሚጨቃጨቁበት ፊልም ከፈተላቸው። እትዬ ከስፒከር ወደ ስፒከር እየዞሩ ይዳስሱ ጀመር። አምስት ስፒከር ያለውን አዲሱንና ርካሹን ስብስብ ሲነኩት ፕላስቲኩ ከንግግሩ ጋር አብሮ ይንዘፈዘፋል። ያገለገለው የእንጨት ስፒከር ግን ቃሉን ለቃሉ ለይቶ ወደ መዳፍ ይልካል።

ሻጩም ቀልዱን ተወት አደረገ። «እውነቱን ልንገርዎ፤ ለጠባብ ክፍል ብዛት አይጠቅምም። ያገለገለ የድምፅ ማጉያ አምፕሊፋየር፣ ሁለት የእንጨት ስፒከር፣ ለንግግር ደግሞ ይቺን የመሃል ስፒከር ይውሰዱ። ዳር የተቀመጠ ሰውም ቃሉን እኩል ይሰማል።»

«እሷን ነው የምፈልገው» አሉ እትዬ። «ምራቴ የምትቀመጠው ከዳር ነው፤ ልጁ ሲያስቸግራት ለመውጣት እንዲመቻት ብዬ። ዋጋውን እንደ ሰው ንገረኝ።»

ዋጋ ሲከራከሩ የልጃቸው ስልክ ጮኸ። ልጁ ወጥቶ ከመስታወቱ በር ወዲያ ፊቱን ወደ እነርሱ አድርጎ ቆመ። ሳይጮህ ሲያወራ ካዩት ቆይተው ነበር፤ ከንፈሩ እንደ ልጅነቱ ጥርት ብሎ ይነበባል።

«አዎ፣ ልንገዛ ነው» ይላል ለሚስቱ። «አይ፣ እኛማ ምን እንሠራለን እዚያ? አንድ ሁለት ቅዳሜ አብረናት እንወርድና ትለምደዋለች። ከዚያ የሳሎኑን ቴሌቪዥን እናነሣለን፤ ልጁም እንቅልፉን ይተኛል... ታዲያ ምን ላድርግ? በግልጽ ውረጂልን ልበላት? እናቴ እኮ ናት!» ስልኩን ዘግቶ ግንባሩን በመዳፉ አሸት አሸት አደረገ።

እትዬ እጃቸው የመሃል ስፒከሯ ላይ እንዳለ ቀረ። የፊልሙ ባልና ሚስት አሁንም ከመዳፋቸው ሥር ይጨቃጨቃሉ።

«ለአንድ ሰው የሚሆነው የቱ ነው?» አሉ።

«ምነው እማማ? አሁን ለአምስት ሰው አላሉኝም?»

«ክፍሏ ጠባብ ናት።»

ሻጩ ግራ ተጋባ። «ለአንድ ሰውማ የጆሮ ማዳመጫ ይሻላል። ሳሎን ቁጭ ብለው፣ ማንንም ሳይረብሹ...»

«እኔ የምሰማው በእጄ ነው» አሉት እትዬ። ይህን ለሰው ሲናገሩ የመጀመሪያቸው ነበር። ሻጩ እጃቸውን አየ፤ ከዚያ በኋላ አልቀለደም። ከመደርደሪያው ሥር ሁለት ትንንሽ የእንጨት ስፒከሮች አወጣላቸው። አንዷን ከወንበሩ ክንድ አጠገብ እንዲያደርጓት መከራቸው፤ እጅ የሚያርፍበት።

ልጃቸው ሲመለስ ዕቃው ታስሮ ነበር። «እማዬ፣ ይቺ ለሁላችንም ትበቃለች እንዴ?»

«ትበቃለች። በተረፈው ገንዘብ ለሕፃኑ አልጋ ግዛለት።»

እፎይታ በፊቱ ላይ ሲያልፍ አዩት። ያንን ለማንበብ ከንፈር አያስፈልግም። በመስታወቱ ያነበቡትን ቢጠቅሱለት ያፍር ነበር፤ አልጠቀሱለትም።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ሁሉም ወረዱ። ሕፃኑ አለቀሰ፤ ምራቲቱ ከዳር ተነሥታ ወጣች። በተከታዩ ልጅቱ ብቻ ወርዳ እንቅልፍ ወሰዳት። ከዚያ በኋላ፣ ላይ ቤት እንግዳ በመጣ ቁጥር አንዳንድ ወንበር ይወጣል፤ የወጣው አይመለስም። ዛሬ የቀሩት የእትዬ ወንበርና ያቺ ዝቅ ያለችው ናቸው።

ልጃቸው አልፎ አልፎ ሻይ ይዞ ይወርዳል። ባለፈው ሳምንት ስኒውን አስቀምጦ «ይሰማሻል እማዬ?» ብሎ ጮኸ።

«በደንብ!»

ደረጃው ላይ ደርሶ ዞር አለ። የፊልሙ ድምፅ እንደሚውጠው ተማምኖ፣ ሳይጮህ፣ «ይቅር በይኝ» አለ። እትዬ አነበቡት። ይቅር ብዬሃለሁ ቢሉት ያን ቀን በመስታወቱ ምን እንዳዩ መናገር ሊሆንባቸው ነው። ስለዚህ ሻዩን አንሥተው «ስኳሩ ልክ ነው» አሉት።

እርሱ ሲወጣ ፊልሙን ይዘጉና መዳፋቸውን ከክፍሏ መሃል በቆመው ምሰሶ ላይ ያሳርፋሉ። ምሰሶው ሳሎኑን የተሸከመ ነውና የላይኛውን እርምጃ ሁሉ ያወርድላቸዋል። ፈጠን ፈጠን የሚለው የልጅቱ ነው፤ ከበድ ብሎ የሚዘገየው የልጃቸው። ከጥቂት ቀናት ወዲህ ደግሞ ሌላ መጥቷል። ዱብ፣ ዱብ ይልና ይቆማል፤ ይወድቃል፤ ደግሞ ይነሣል። ሕፃኑ መሄድ መጀመሩን እትዬ ያወቁት እንዲህ ነው። ማንም ወርዶ አልነገራቸውም።

ለእኚህ ሴት የሚገባቸው ያንን እርምጃ በዓይናቸው የሚያዩበት አንድ መቀመጫ ነው፤ ላይ፣ ሳሎን ውስጥ።