ሰደፍ የወለወለው ዱባለ

እኔ ሶዶ ውስጥ አልጋና ቁምሳጥን እሠራለሁ። ዱባለ አጠገቤ ቆሞ ይፍቃል፣ ያለሰልሳል፣ ቫርኒሽ ይቀባል። እጁ የተባረከ ነው። ጠባዩን ግን እሱ ራሱ ይቻለው፤ እንደሱ የሚጸየፍ ሰው አላየሁም። ሰው የጠጣበትን ብርጭቆ አይነካም። ሠርግ ቤት ሊያጎርሱት የሚመጡ ሲያይ ሽንት ቤት ይደበቃል። ትዳር ያላገኘውም በዚሁ ነው እያልን እናበሽቀዋለን።

ታዲያ ሶርሳ የሚባል የቦዲቲ ነጋዴ በማዳበሪያ ከረጢት የጠቀለለውን ነገር ጠረጴዛችን ላይ ሲፈታ፣ ቀድሞ ወደ ኋላ የሸሸው ዱባለ ነበር። የድሮ ምንሽር ጠመንጃ ሰደፍ፣ እንጨቱ ብቻ ነው። ብረቱን ፈቃድ ቢኖረውም ከተማ መሃል ይዞ መዞር ጣጣ አለው ብሎ፣ ጉኑኖ አጠገብ አባቱ ቤት ትቶት መጥቷል።

"የአባቴ ናት። አቶ ዳልጮ ብትሉ የማያውቅ የለም፤ የድሮ ወታደር ነው" አለን። "ለቅሶው ላይ ትቆማለች። ወንድሞቼ ከአዲስ አበባ ይመጣሉ፣ ቪዲዮም አለ። እንደ መስታወት እንድታበራልኝ ነው የምፈልገው።"

እኛ ዘንድ የትልቅ ሰው ለቅሶ ላይ ጦሩም ጋሻውም ጠመንጃውም አደባባይ ይወጣል፤ ስለዚህ አልገረመንም። ሁለታችንም ቆባችንን አውልቀን "ጌታ ያጽናችሁ" አልነው።

"አሜን" አለ ሶርሳ።

ያንን እንጨት ያየ ሰው ቅቤ ዳግመኛ አያምረውም። ስንት ዘመን ቅቤ ሲቀባ፣ ቅቤው ሲሻግት፣ የቤት ጭስና የሰው ላብ ሲጨመርበት ኖሮ ጥቁር ቅርፊት አውጥቷል። ጉንጭ የሚያርፍበት ጋ የጢም ፀጉር ተጣብቆ ቀርቷል። ስንጥቁ ውስጥ የደረቀ ትኋን ነበር። ዱባለ አፍንጫውን በሻርፕ አስሮ "ይሄ ሰውዬ የሚተኩስበት ነው የሚበላበት?" እያለ ሥራውን ጀመረ።

ቫርኒሽ ቅባት ላይ አይዝም፤ ሁሉም መነሳት አለበት። በሙቅ ውሃና በዱቄት ሳሙና አጠበው፣ በቤንዚን አሸው፣ በተሰበረ ብርጭቆ ፋቀው። እንደ ዝፍት እየተጠቀለለ የሚወርደውን ቆሻሻ በወረቀት እያፈሰ ይጥላል፣ ደጅ ወጥቶ ይተፋል፣ ይመለሳል። እኔም ከሽታው የተነሳ ምሳዬን ሌላ ቤት መብላት ጀመርኩ። በመጨረሻ ግን ቀይ ዳማ እንጨት ብቅ አለ፣ ደም ሥሩ ሁሉ የሚታይ። ዱባለ ቫርኒሹን ደራርቦ ቀብቶ ሲጨርስ ፈገግ አለ። እሱን ፈገግ ማሰኘት ቀላል አይደለም።

እንጨቱን ከብረቱ ጋር የሚገጥምለት ስላልነበረ ሶርሳ በመኪናው ይዞን ሄደ። ግቢው ተጠርጓል። ድንኳን ተጠቅልሎ ተቀምጧል፣ የኪራይ ወንበር ተደራርቧል፣ አንድ የሰባ በሬም ጥግ ላይ ታስሯል። ቀብሩ ነገ ይሆናል ብዬ አሰብኩ።

"ብረቱ ጓዳ ነው፤ ግቡ" አለና ሶርሳ ራሱ በር ላይ ቀረ።

ስንገባ ሽታው መታን። ያ እንጨት በዚህ አጠገብ ሽቶ ነው። ብረቱ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ከሥሩ ባለ ፍራሽ ላይ አንድ ሽማግሌ ተጋድሟል። አስከሬን መሰለኝ። ከዚያ ብርድ ልብሱ ተንቀሳቀሰ።

"ይሄ ማነው?" አለ ዱባለ።

"አባቴ ነዋ" አለ ሶርሳ ከበር ላይ። "ሐኪሙ ብዙ አይቆይም ብሎናል። አስቀድሞ መዘጋጀት ምን ክፋት አለው?"

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው ይላሉ። ሰውዬው ጢሙ ላይ ገንፎ ደርቆበታል። ጀርባው ቆስሎ ከአንሶላው ጋር ተጣብቋል፣ ዝንብ ይዞበታል። ከሥሩ ያለውን አልናገርም። ለእንጨቱ ቫርኒሽ፣ ለእንግዳው በሬ ተገዝቷል፤ ለዚህ ሰው አንድ ባልዲ ውሃ የሚያሞቅ ሰው ጠፍቷል። በዚያ ቤት አቶ ዳልጮ አልሸተቱኝም፤ የሸተተኝ ልጃቸው ነው።

ዱባለ ገረጣ። ይሮጣል ብዬ ስጠብቅ ብረቱን አወረደ፣ እንጨቱን ገጠመ፣ ብሎኑን አጠበቀ። በብሎኑ ድምፅ ሽማግሌው ዓይናቸውን ገለጡ። እጃቸውን ዘርግተው ሰደፉን ዳበሱት፣ ወደ ብርሃኑም አዘንብለው አዩት። ስለ ድግሱ ማንም ምንም አልነገራቸውም።

"ለቅሶዬ መቼ ነው?" አሉ፣ ጥርት ባለ የወታደር አማርኛ።

እኔ አንገቴን ደፋሁ።

"ጌታ ያውቃል፣ አባዬ" አለ ሶርሳ፣ አፍንጫውን በኮቱ ሸፍኖ።

ዱባለ ጠመንጃውን ግድግዳው ላይ አስደገፈና ወደ በሩ ዞረ። "ሙቅ ውሃና ሳሙና አምጣ።"

"ለምን?" አለ ሶርሳ። "ጠመንጃዋ ጸዳች አይደል እንዴ?"

ዱባለ እጅጌውን ሰብስቦ ተንበረከከና አንሶላውን ከሽማግሌው ጀርባ በጣቱ ቀስ እያለ ማላቀቅ ጀመረ።