ዓይኔን ያነሳሁበት ሰዓት

ጉብታው ስም አልነበረውም። በካርታ ላይ ቁጥር ብቻ ነበረው። ዛፍም ሣርም ስላልነበረው እኛ «ራሰ በራው» እንለው ነበር። ከምሽጋችን ፊት ለፊት ነበር፤ ርቀቱ አራት መቶ ሜትር ቢሆን ነው። ዛሬ አሶሳ ውስጥ ስለ ሰሜኑ ግንባር የሚጠይቁኝ ልጆች አሉ። ስንት ሰው ገደልክ ይሉኛል። እኔ በደንብ የማውቀው ከእኛ የሞቱትን ነው። እነሱንም ቢሆን ስማቸውን እስከ መጨረሻው መጥራት የቻልኩት ከዓመታት በኋላ ነው፤ እንዴት እንደቻልኩ እነግራችኋለሁ።

በቡድናችን አሥራ አንድ ነበርን። አዛዣችን ሃምሳ አለቃ ወርቁ ትእዛዝ ሲሰጥ እንኳ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነበር። የእኔ ሥራ ማየት ነው። የጦር መነጽር አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ከምሽጉ ጠርዝ ጉብታውን እቃኛለሁ። ይህ ደግሞ ዝም ብሎ ማየት አይደለም፤ ትምህርት አለው። ዓይን አይንሸራተትም። መሬቱን በልብህ ትከፋፍላለህ፤ አንዱ ቦታ ላይ ትቆማለህ፤ ድንጋዩን ከድንጋይ፣ ጥላውን ከጥላ ትለያለህ፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ትሻገራለህ። የሚንሸራተት ዓይን የተደበቀ ሰው አያገኝም ተብለን ነው የተማርነው። ሁለት ዓመት እንዲህ ስሠራ ኖሬ ከሜዳው ስመለስ ሌላ አተያይ ጠፍቶብኝ ነበር።

የመትረየሱ ተኳሽ ሃሩን ነበር። የበርታ ብሔረሰብ ልጅ ነው፤ ባምባሲ አጠገብ ካለ መንደር፤ አማርኛን በኋላ ነው የለመደው። እኔ የሰፋሪ ልጅ ነኝ፤ ቤተሰቦቼ በድርቁ ጊዜ ከወሎ መጥተው አሶሳ ዙሪያ ካሉት የሰፈራ አምባዎች በአንዱ ሰፈሩ። እኛ ስንዘምት ክልሉ ገና አዲስ ነበር፤ የቢሮዎቹ ቀለም እንኳ በወጉ አልደረቀም። ሁለታችን አሶሳ ውስጥ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰልፍ ተመዘገብን። ወደ ሰሜን ስንጓዝ በወሎ በኩል ስናልፍ ሃሩን ትከሻዬን መታ አድርጎ «ወሎዬ፣ አንተ ወደ እኔ አገር በመኪና መጣ። እኔ ወደ አንተ አገር ለመሞት እየሄድኩ ነው። ይሄ ትክክል ነው?» አለኝ። መኪናው ሙሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ።

ትእዛዙ ማታ ደረሰን። ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ራሰ በራውን እንይዛለን ተባለ። በሰዓቱ ወጣን። ግማሽ መንገድ ሄድን። ከጉብታው ጫፍ ተኩስ ተከፈተብን። ገብረመድኅን ወደቀ። ኡጁሉ ወደቀ። ሃሩን ጭኑን ተመትቶ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አጠገብ ወደቀ። እንድናፈገፍግ ታዘዝን። አንድ ሰዓት ላይ ምሽጋችን ውስጥ ነበርን፤ ስምንት ሰው።

ሃሩን አልሞተም ነበር። በመነጽሩ አየሁት፤ እጁን ያነሳል፣ ያወርዳል። በመሃላችን ያለው ሁለት መቶ ሜትር ነው። ቶሌራ ማንንም ሳይጠይቅ ሊያመጣው ወጣ፤ አሥር እርምጃ አልሄደም። አሥር አለቃ ደሳለኝ ቶሌራን ሊጎትት ወጣ። እሱም እዚያው ቀረ። ስድስት ሆንን። ሃምሳ አለቃ ወርቁ የምሽጉን ግድግዳ ተደግፎ እንዲህ አለ፦

«ከእንግዲህ ማንም አይወጣም። ሲመሽ እናመጣዋለን። ሰይድ፣ አንተ ዓይንህን ከእሱ ላይ እንዳታነሳ።»

አላነሳሁም። ሃምሳ አለቃው በየሰዓቱ ይጠይቀኛል፤ እኔ «አለ» እላለሁ። ሦስት ሰዓት፣ አለ። አምስት ሰዓት፣ አለ። ስድስት ሰዓት ላይ ፀሐይዋ አናቱ ላይ ነበረች። የውሃ ኮዳውን ሊከፍት ሲታገል አየሁ። ኮዳው ከእጁ አምልጦ ተንከባለለ፤ ሊደርስበት አልቻለም። ስምንት ሰዓት፣ አለ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ላብ ዓይኔ ውስጥ ገባ። መነጽሩን ዝቅ አድርጌ በእጅጌዬ ጠረግሁት። ደቂቃ አይሞላም። መልሼ ሳይ እጁ ደረቱ ላይ ነበር፤ ከዚያ በኋላ አልተነሳም።

ሃምሳ አለቃው ጠየቀኝ። «አለ» አልኩት። አሥር ሰዓት ላይም አለ አልኩ፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይም አለ አልኩ። ሲመሽ አመጡት። ገላው ከደረቀ ቆይቷል። ሃምሳ አለቃ ወርቁ አስከሬኑን አየ፤ እኔን አየኝ፤ ዞሮ ሄደ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ጦርነቱ አበቃ። ተሰናብቼ አሶሳ ተመለስኩ፤ በአንድ መሥሪያ ቤት የዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂ ሆኜ ተቀጠርኩ። ከውጭ ሲያዩኝ ደህና ነበርኩ። ግን ነጭ ግድግዳ ማየት አልችልም፤ ድንጋዩና ያ እጅ ይመጡብኛል። ከሰው ጋር ሳወራ ዓይኔ ከትከሻው ኋላ ይቃኛል። ላብ ዓይኔ ውስጥ ሲገባ የያዝኩትን ሥራ ጥዬ እወጣለሁ፤ አሶሳ ውስጥ ደግሞ በበጋ ላብ የማይገባበት ዓይን የለም። እናቴ ዱዓ አስደረገችልኝ። ለጊዜው ቀለለኝ፤ ከዚያ ተመለሰ።

የከበደኝ ግን ሌላ ነበር። የሃሩን አባት ሼኽ ኢሳ ልጃቸው በጀግንነት ተሰዋ የሚል ወረቀት ብቻ ደርሷቸዋል። ከገበያ በሚመለሱ ሰዎች ሦስት ጊዜ ላኩብኝ፤ ከልጄ ጋር የነበረው ወሎዬ መጥቶ ይንገረኝ፣ እኔ አርጅቻለሁ፣ ሳልሰማ እንዳልሞት ብለው። ሦስቴም እመጣለሁ አልኩ። አንድ ጊዜ ባምባሲ ድረስ ሄጄ ከመኪናው ሳልርቅ በዚያው መኪና ተመለስኩ። አራተኛው መልእክት ሽማግሌው ታመው ተኝተዋል የሚል ነበር።

ያን ቀን እናቴ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ብላ እጄን ይዛ ጤና ተቋም ወሰደችኝ። እዚያ የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነበረች፤ ሲስተር ጽጌ፣ ከጎጃም ተመድባ የመጣች። የዓይን እንቅስቃሴ ሕክምና የሚባል ሥልጠና ወስዳለች። እኔ ትዝታውን እያሰብኩ ጣቷን በዓይኔ ወዲያና ወዲህ እንደምከተል ስትነግረኝ ሳቄ መጣ። መድፍ ያናወጠውን ሰው በጣት ልታስተካክዪው ነው? አልኳት። አልተቀየመችም። እሷም መጀመሪያ ስትማር ስቃ እንደነበር ነገረችኝ።

ከዚያ በዝግታ አስረዳችኝ። ሰው የሚያየው ነገር ሁሉ ውሎ አድሮ በአእምሮው ውስጥ ቦታ ቦታውን ይይዛል፤ ትናንት ትናንት ይሆናል። እጅግ የከበደው ነገር ግን አንዳንዴ ሳይፈጭ ይቀራል፤ ከነሽታው፣ ከነድምፁ ዛሬ እንደሆነ ሆኖ ይኖራል። ትዝታውን ይዘህ ዓይንህ ወዲያና ወዲህ ሲሄድ አእምሮ ያቋረጠውን ሥራ እንደገና ይጀምራል አለችኝ። ለምን እንዲህ እንደሚሆን ሊቃውንቱ ገና ይከራከራሉ፤ ብዙ ሰው እንደሚረዳ ግን ታይቷል፤ የሚያስረሳ መድኃኒት ግን አይደለም፤ ሳይሠለጥኑም አይሞከርም። እውነቱን ስለነገረችኝ አመንኳት።

ወዲያው አልጀመርንም። መጀመሪያ ለሳምንታት ታሪኬን ሰማች፤ ትንፋሼን ማርገብ አስተማረችኝ፤ ልቤ የሚያርፍበትን ቦታ እንድመርጥ አደረገች። ከአምባችን በታች ያለውን የቀርከሃ ጫካ መረጥኩ። ሲበዛብኝ እጄን እንዳነሳና እንደምናቆም ተስማማን። ከዚያ የከፋውን ምስል ጠየቀችኝ፤ ድንጋዩና እጁ አልኳት። ያን ስታይ ስለ ራስህ ምን ትላለህ? አለችኝ። ለሰው ተናግሬው አላውቅም ነበር። «ዓይኔን ባላነሳ ኖሮ አይሞትም ነበር። እኔ ነኝ የጣልኩት» አልኳት። ከዜሮ እስከ አሥር ስንት ያስጨንቅሃል? ብትለኝ አሥር አልኩ፤ ከአሥር በላይ ቁጥር ቢሰጠኝ እሱን እል ነበር።

ሁለት ጣቷን አንስታ ማንቀሳቀስ ጀመረች። ዓይኔ እምቢ አለ። ይቆማል፣ ይመረምራል፣ ይዘላል። ጣቷ ግራ ሲደርስ እኔ ገና መሃል ላይ ከኋላዋ ያለውን መስኮት እየቃኘሁ ነው። ወታደር ያደረጉት ዓይን እንዴት ይንሸራተት? ሲስተር ጽጌ እጇን አወረደች።

«ሰይድ፣ እዚህ የተደበቀ ሰው የለም። ምንም አትፈልግ፤ ዝም ብለህ ተከተል» አለችኝ።

ተከተልኩ። መጀመሪያ ድንጋዩ መጣ። ቀጥሎ ጥማቱ መጣ፤ ጉሮሮዬ ደረቀ። አቆመች፤ ምን መጣ? አለች፤ ነገርኳት፤ ቀጠልን። ኮዳው ሲንከባለል መጣ። አለቀስኩ። ተመልሼ ከመጣሁ ጀምሮ አላለቀስኩም ነበር። እጄን ግን አላነሳሁም። እንደገና ቀጠልን። ሃሩን መኪናው ላይ ሲያስቀን መጣ፤ ፊቱን ስንት ዘመኔ ነው ካየሁት! እጁን ብቻ ነበር የማየው። በሌላ ቀን፣ በሦስተኛው ቀጠሮ፣ ዓይኔ ወዲያና ወዲህ ሲል ከየት እንደመጣ የማላውቀው ሐሳብ ራሱ መጣ፤ እኔ ማየት እንጂ ማቆየት አልተሰጠኝም። ሁለት መቶ ሜትር ርቆ ደሙ የሚፈስ ሰው በዓይን አይያዝም። ይህን ሲስተር ጽጌ አልነገረችኝም። ማንም ቢነግረኝ ኖሮ አላምነውም ነበር።

ልጆቼ፣ እኔ ብዙ አይቻለሁ፤ መድፍ መሬት ሲገለብጥ አይቻለሁ። እንደዚያ ቀን ግን ተደንቄ አላውቅም። ደረቴ ላይ የነበረው ነገር ሲነሳ በገላዬ ተሰማኝ። ምስሉ አልጠፋም፤ ራቀ። ድንጋዩ ግንባር ላይ ነው፤ እኔ አሶሳ ወንበር ላይ ነኝ። ፈጣሪ የሰውን ጭንቅላት ሲሠራ መዳኛውንም እዚያው አስቀምጦበት ኖሯል! ሲስተር ጽጌ ቁጥሩ ስንት ሆነ ብትለኝ ሁለት አልኳት። ዜሮ አላልኩም። እሷም ለወዳጅ ሁለት ቢቀር ደግ ነው፣ ሐዘን በሽታ አይደለም አለችኝ። ሕክምናው ለሁሉም እንደኔ ፈጥኖ አይሠራም፤ አብሮኝ ቀጠሮ የነበረው አንድ ሰው ብዙ ወር ፈጅቶበታል። እኔ የደረሰብኝን ነው የምናገረው።

በሳምንቱ ባምባሲ ወረድኩ፤ ከዚያ በእግሬ ወደ መንደሩ ሄድኩ። ሼኽ ኢሳ ማንጎ ዛፍ ሥር አልጋ ተዘርግቶላቸው ተኝተዋል። ከእሳቸው ብዙም አልቀረም። ሰይድ ነኝ ስላቸው ሊነሱ ሞከሩ፤ ጉልበታቸውን ስሜ አስተኛኋቸው። ፋታ ሳልሰጥ ከዚያ ቀን ንጋት ጀምሬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ቶሎ ሞተ ብዬ ማቅለል እችል ነበር፤ ብዙዎቻችን ለወላጅ የምንለው እሱን ነው። አላልኩም። ቀኑን ሙሉ እንደቆየ፣ ውሃ እንደጠማው፣ ዓይኔን ስጠርግ እንደሞተ፣ ሞቶም «አለ» እያልኩ እንደዋሸሁ ነገርኳቸው።

ከዚያ ከየትኛው ሰዓት ጀምሮ ነው ያየኸው? አሉኝ። ከአንድ ሰዓት አልኳቸው። እስከ ስንት? እስከ ዘጠኝ። በጣታቸው ቆጠሩ።

«ስምንት ሰዓት» አሉ። «ወላሂ፣ እኔ ልጄ ብቻውን ሞተ ብሎ ነበር የሚያለቅስ። ስምንት ሰዓት ሰው እያየው ነበር?»

«አዎ፣ አባባ።»

«እኔ አባት ነው፤ አንድ ሰዓት አላየሁትም። አንተ በእኔ ቦታ አየህ። አላህ ዓይንህን ይጠብቅ።»

እጃቸውን ይዤ ተቀመጥኩ። ሽማግሌው ሌሎቹስ? አሉኝ። ለእነሱም ዱዓ ላድርግ፣ ስማቸውን ጥራ አሉ። እስከዚያ ቀን ድረስ ስም ስጠራ አራተኛው ላይ እቆም ነበር። ገብረመድኅን አልኩ። ኡጁሉ። ቶሌራ። አሥር አለቃ ደሳለኝ። ሼኽ ኢሳ ክርስቲያን ነው እስላም ነው ሳይሉ ለእያንዳንዱ እጃቸውን ዘረጉ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ፤ አምስተኛውን እንድጠራላቸው ጠበቁ።

«ሃሩን ኢሳ» አልኩ።

«አሚን» አሉ።

አሥራ አንድ ሆነን ወጣን፤ አምስት ሞተው ስድስት ተረፍን። ጉብታውን በሌላ ቀን ሌላ ጦር ያዘው፤ ከዚያ ተለቀቀ፤ ዛሬ ማን እንዳለበት አላውቅም። ሼኽ ኢሳ ክረምቱ ሳይገባ ዐረፉ። ከቀባሪዎቹ ጋር ቆሜ እስከ መጨረሻው አየኋቸው።