በሕግ እህቴ ያልሆነችው

በዚያ ጠዋት ሚኒሶታ፣ ኒው ሆፕ ከተማ ባለው አፓርታማችን ውስጥ እኔና ፍቅረኛዬ አንዱን መኝታ ቤት ሁለት ለማስመሰል ስንታገል አረፈድን። ዕቃ ማከማቻ የነበረችውን ትንሿን ክፍል ባዶ አድርገን አልጋ ገጣጠምን፤ ልብሷን፣ መነጽሯን፣ የእጅ ቅባቷን ሳይቀር ወደዚያ አዛወርን። ተቃቅፈን የተነሳነውን ፎቶ እሷው ራሷ ከግድግዳ አውርዳ መሳቢያ ውስጥ በፊቱ ደፋችው። "በቃ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሩምሜትሽ ነኝ፤ ቤት ብቻ የምጋራሽ" አለችኝ። ስቃ ነው ያለችው፤ እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ።

ከሰዓት በኋላ የምትመጣው የጉዲፈቻ ድርጅቱ ሶሻል ወርከር ነበረች። ቤቱን አይታ፣ ዘመድ አነጋግራ፣ ልጅ ለማሳደግ እበቃ እንደሆነ የምትፈርደው እሷ ናት። ላሳድጋት የፈለግኋት ልጅ ደግሞ ባዳ አይደለችም፤ የእናቴ ልጅ ናት።

እኔ ራሴ በጉዲፈቻ ሚኒሶታ የመጣሁት በዘጠኝ ዓመቴ ነው። እናቴ ታማ ማሳደግ ሲያቅታት ሰጠችኝ። ከእኔ በኋላ ሌላ ልጅ መውለዷን የሰማሁት ካደግሁ በኋላ፣ ከሁለት ሺህ ዓ.ም. ወዲህ ባሉት ዓመታት ነው። እዚሁ አቅራቢያችን ሪችፊልድ ጸጉሬን የምትሠራኝ አንዲት የአዲስ አበባ ሴት አለች፤ አማርኛዬንም ከመጥፋት ያተረፈችልኝ እሷው ናት። አገር ቤት ደርሳ ሰፈራችንን አፈላልጋ ስትመለስ ነገረችኝ። እናቴ ሞታለች፤ ትንሿ እህቴ ማሳደጊያ ገብታለች።

ማሳደጊያው እሑድ እሑድ ስልክ ያገናኝ ነበር። የስልክ ካርድ ፍቄ ደወልኩ። እህቴ ገና ሰላም ሳትለኝ እናቴ ባወጣችልኝ፣ ከእሷው በሰማችው ስም ጠራችኝ። አሜሪካ ስገባ ተቀይሮ የቀረ ስም ነው፤ ጸጉር የምትሠራኝ ሴት እንኳ "አንቺ ልጅ" ነው የምትለኝ። መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። "መቼ ነው የምትወስጂኝ?" አለችኝ። "ቶሎ" አልኳት።

እንደኔ ያለችውን ሴት በአማርኛ ስድብ ባልሆነ ቃል መጥራት ብርቅ ነው። ሪችፊልድ ያለችው ሴት ግን ሳልነግራት ገብቷታል። ጸጉሬን እየጎነጎነች "ስሚኝ አንቺ ልጅ" አለችኝ፤ "በራስሽ ስም ብቻ አፕላይ አድርጊ። ስለ ሩምሜትሽ አፍሽን ዝጊ። አገር ቤት ያሉት ከሰሙ ፋይሉን ክሎዝ ነው የሚያደርጉት። ልጅቷን ብቻ አምጪ፣ ሌላውን እግዜር ይወቀው።" ሩምሜት ስትል በመስታወቱ ውስጥ ዓይኔን አላየችም።

"እሺ እትዬ" አልኳት።

የቀረችው ኩን ራፒድስ የምትኖረው አሳዳጊ እናቴ ነበረች። ስለ እኔ የምትመሰክረው እሷ ናት። ፍቅረኛዬ "ምን እንደምትል አስቀድመሽ ንገሪያት እንጂ" አለችኝ። አልነገርኳትም። ምን ያስፈልጋል? በቤተ ክርስቲያኗ ሰዎች ፊት ፍቅረኛዬን "የልጄ ሩምሜት" እያለች ስታስተዋውቅ ዓመታት የኖረች ሴት ናት። ስንት ጊዜ ተጣልተንበታል፤ አንድ የገና ቀን ምግቡ ሳይነሳ ጥያት ወጥቻለሁ። በዚያን ቀን ግን ሐፍረቷን ተማምኜ ነበር።

ከምድጃ የወጣውን የድንችና የሥጋ ምግቧን በፎጣ ይዛ መጣች፤ እዚህ አገር ለልደትም ለለቅሶም የሚወሰደው እሱ ነው። ሶሻል ወርከሯ ክፉ ሰው አልነበረችም። ትንሿን ክፍል አየች። የአንሶላው የመደብር እጥፋት እንኳ ገና አልለቀቀም ነበር፤ አይታ አለፈችው። ልቤ ትንሽ መለስ አለ። ከዚያ አሳዳጊ እናቴን "ልጅሽ ሥራ ስትውል ልጅቷን የሚይዝላት አለ?" ብላ ጠየቀቻት። "እኔ አለሁ" ማለት ይበቃት ነበር።

አሳዳጊ እናቴ የፍቅረኛዬን ክንድ ያዘች። "ይህቺ አለች እንጂ!" አለች። "ሁለቱም እናት ይሆኗታል። ይህን ለማለት ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል፣ ልጄንም አስከፍቻታለሁ። አሁን ግን አላፍርም። ከማንም ባልና ሚስት አያንሱም።" ዓይኗ እንባ አቅርሮ ወደ እኔ ዞረች። ደስ እንዲለኝ እየጠበቀች ነበር።

ያን ቃል ስንት ዓመት ለምኛታለሁ። በዚያች ደቂቃ ግን ዘልዬ አፏን ባፈንኩት ደስ ባለኝ።

ሶሻል ወርከሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ባልሰማሁት ይሻለኝ ነበር" አለች። "የልጅቷ አገር እንደናንተ ላሉ ልጅ አይሰጥም። እኔም ፈርሜ ልዋሽ አልችልም።"

"እህቴ ናት እኮ! የአንድ እናት ልጆች ነን" አልኳት።

ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "በሕግ እህትሽ አይደለችም" አለችኝ። "አንቺ በጉዲፈቻ ስትሰጪ ከወላጅ እናትሽ ጋር ያለሽ ዝምድና ተቋርጧል።"

ማን ነው ያቋረጠው? እኔን ጠይቆኛል? አሳዳጊዎቼ ሲወስዱኝ ባልና ሚስት ስለነበሩ ማን ከማን ጋር እንደሚተኛ የጠየቃቸው የለም፤ እኔ ከመጣሁ ብዙም ሳይቆይ ተፋቱ። እኔን ለማያውቁኝ ሰዎች መስጠት በጎ ሥራ ተባለ። ድርጅቱ በየበጋው በሚያዘጋጀው ሽርሽር ላይ ልጅ ፈላጊዎች ፊት እያቆሙ ዕድለኛ መሆኔን አናገሩኝ። እህቴን ለእኔ መስጠት ግን ነውር ሆነ። አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ከዚያ ወዲያ ያላንኳኳሁት በር የለም፤ ጠበቃም ለምኛለሁ፣ ቄስም ለምኛለሁ። ፍቅረኛዬ ሻንጣዋን አውጥታ "በእውነት ልውጣልሽና ሌላ ድርጅት ሞክሪ" አለችኝ። ሻንጣውን ይዤ አለቀስኩ። እንዳትሄድም ፈለግሁ፣ ብትሄድልኝም ተመኘሁ፤ ሁለቱም እውነት ነው።

አንድ እሑድ ስደውል የእህቴ ድምፅ ተለውጦ ነበር። "ሌላ እናትና አባት አገኙልኝ" አለችኝ። "ውሻ አላቸው። ስሜን ይቀይሩታል እንዴ? ያንቺን ቀይረውት ነበር?"

"አዎ።"

"ታዲያ እማዬ ባወጣችልሽ ስም ማነው የሚጠራሽ?"

"አንቺ ነሻ" አልኳት።

ትንሽ አሰበች። "እንግዲያው አሁን ብዙ ጊዜ ልጥራሽ" አለችና ሞግዚቷ ስልኩን እስክትቀበላት ድረስ ስሜን ደጋግማ ጠራችው። የወሰዷት ሰዎች የት እንደሚኖሩ ማሳደጊያው አልነገረኝም፤ ዘመድ አይደለሁማ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ስም የጠራኝ ሰው የለም።