አባዬ ዋንጫ የሰበሰበበት እሁድ

የጌሾ ሽታ ከሩቅ ሲመጣብኝ ዛሬም ሆዴን ባር ባር ይለኛል። ሌላው ሰው ድግስ ይታየው ይሆናል፤ እኔን ግን ደብረ ማርቆስ ወደነበረው ቤታችን ይመልሰኛል። አባዬ አናጺ ነበር፤ በርና መስኮት ሲሠራ እጁን የሚስተካከል የለም ይባል ነበር፣ እኔ ግን ያን እጅ የማውቀው ሲንቀጠቀጥ ነው። ጠዋት መዶሻውን ያነሣና የገዛ ጣቱን መትቶ፣ መሣሪያውን ወርውሮ፣ ለእጁ መድኃኒት ፍለጋ ወደ አረቄ ቤት ይሄድ ነበር፤ መድኃኒቱን ወስዶ ሲመለስ ደግሞ እጁ ቀርቶ እግሩ ይንቀጠቀጥ ነበር። የአናጺ ቤት ሆኖ የግቢ በራችን በሽቦ የታሰረ ቆርቆሮ ነበር፣ እሱ በተንኳኳ ቁጥር አባዬ ምን ዓይነት ሰው ሆኖ እንደሚገባ እማዬ ስለማታውቅ እኔን ወደ ጓዳ ትልከኝ ነበር።

አንድ ክረምት አባዬ ቦይ ውስጥ ወድቆ፣ አበባው የሚባል የባጃጅ ሾፌር በጭቃ እንደተለወሰ ደግፎ አመጣው። እማዬ በኀፍረት ነጠላዋን አፏ ላይ ጣል አድርጋ «እግዜር ይስጥልኝ» ብትለውም አልሄደም።

«እትዬ፣ እኔም እንዲሁ ሰው ተሸክሞኝ ነበር የምገባ» አላት። «መጠጥ ለመተው የምንታገል ሰዎች እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ተሰብስበን እንረዳዳለን። ይምጣ።»

እማዬ ጠበሉንም፣ ስለቱንም፣ ሽማግሌውንም ሞክራ የጨረሰች ሰው ነበረች፤ እንዲህ ያለ ነገር በከተማው መኖሩን ግን ገና ያን ቀን ሰማች። አባዬ ሲነገረው ሳቀ። «ሰካራም ለሰካራም ምን ሊመክረው ነው? የትኛው አረቄ እንደሚሻል ሊነግረው?» አለ።

አይ እማዬ! መስከረም ጠብቶ ጭቃው ሲደርቅ፣ አንድ እሁድ እኔን በእጇ ይዛ፣ እየጠያየቀች የሚሰበሰቡበትን ቤት አግኝታ፣ ከሰዎቹ መካከል ቁጭ አለች። በሚቀጥለውም እሁድ ሄደች። ሰፈሩ መቼ አፍ አጥቶ! «የአናጺው ሚስትም ጀመረች አሉ፤ ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ መጣች» እያለ አወራ። አባዬ ይህን ሰምቶ በሦስተኛው እሁድ እንደ እብድ ሆኖ መጣና የስብሰባውን ቤት በር በርግዶ ገባ።

«ተነሺ! ስሜን አጠፋሽው እኮ!»

«አንተ ከተቀመጥክ እነሣለሁ» አለችው፣ ከወንበሯ ንቅንቅ ሳትል።

ሰው ሁሉ ያየዋል። ጥሏት ቢወጣ ወሬው ሊብስ ነው፤ ጎትቶ እንዳያስነሣት ደግሞ ያፍራል። በመጨረሻ እያጉረመረመ አበባው አጠገብ ተቀመጠ። እማዬም ቃሏን አክብራ ተነሥታ ወጣች፣ ቤት እስክንደርስም ድረስ ስትስቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ መጠጡን ያቆመበት ጥቅምትና ኅዳር ቀላል አልነበረም፤ ላብ ያጠምቀው፣ እህል አልወርድ ይለው፣ በትንሽ በትልቁ ይቆጣ ነበር። አበባው ግን በየጠዋቱ ባጃጁን ደጃችን አቁሞ «ጋሼ፣ ዛሬስ?» ይላል፤ አባዬም «ዛሬስ አለሁ» ብሎ ይመልስለት ነበር።

ስብሰባው በየቤቱ በተራ ነበርና ጥር ላይ ተራው የእኛ ሆነ። እማዬ ዳቦ ደፍታ፣ ማር በውኃ በጥብጣ ብርዝ አዘጋጀች። እንግዶቹ ቦታ ቦታቸውን እንደያዙ የአባዬ ታላቅ እህት፣ እትዬ ጥሩነሽ፣ ከአማኑኤል ከተማ በሚኒባስ ደረሰች፤ ያውም በጀሪካን ሙሉ ጠላ ይዛ! እማዬ ጓዳ ሳለች ዋንጫዎቹን ሞልታ ለእንግዶቹ አደለቻቸው።

«ጠጡ እንጂ! ወንድሜን ከዚህ መርዝ አውጥታችሁ፣ ጉሮሯችሁ ደርቆ ልትሄዱ ነው? ለሱ እንደሆነ ጠብታ አልሰጠውም!»

ምስኪን፣ እንግዶቹ ሐኪሞች መስለዋታል። ታማሚው ወንድሟ ይቅርበት እንጂ፣ እንግዳ ያለ ጠላ መሸኘት ለሷ ነውር ነበር።

ቤቱን የጌሾው ሽታ ሞላው። አበባው ዋንጫውን በሁለት እጁ እንደያዘ ዓይኑን መንቀል አቃተው፤ ማንቁርቱ ሲወጣና ሲወርድ አየሁት። አባዬ ያን ጊዜ ተነሣ። በቃ፣ አባቴን መልሼ ላጣው ነው ብዬ ነበር። እሱ ግን ከአበባው ጀምሮ ዋንጫዎቹን ጢም እንዳሉ ሁለት ሁለቱን እየተቀበለ፣ ወደ ውጭ እያወጣ፣ አጥሩ ሥር ደፋቸው። እየተከተልኩ መሬት መሬቱን አይ ነበር፤ ከቤት እስከ አጥር አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም።

«ምነው፣ ምን በደልኩህ?» አለች እትዬ ጥሩነሽ።

«እትዬ፣ እነዚህም እኮ እንደኔው ናቸው።»

«ሁላቸውም?»

«ሁላችንም።»

«ወይኔ ጉዴ! ልፈጃቸው ነበር እኮ!» ብላ ደረቷን ስትደቃ ቤቱ በሳቅ ተናጋ፤ እማዬ ብርዙን ይዛ ብቅ ስትል ደግሞ ያችው አክስቴ እልልታዋን አቀለጠችው። አበባው እየሳቀ ዕንባውን ይጠርግ ነበር።

አሁን አባዬ ሸምግሏል፣ ተራው በደረሰ ቁጥር ዛሬም ቤቱን ለስብሰባው ይከፍታል። እትዬ ጥሩነሽ ከአማኑኤል የምትልከው ማር ሆኗል። እማዬም ባሏ አልሄድ ያላት ሴት ስትመጣባት «አንቺ ቀድመሽ ተቀመጪለት» እያለች ትመክራለች። የጌሾ ሽታ ሆዴን ባር ባር ማሰኘቱን አልተወም፤ ያ በሽቦ የታሰረ ቆርቆሮ ግን የለም። አባዬ በገዛ እጁ ለግቢው የጽድ እንጨት በር ሠርቶለታል፤ ልጠይቃቸው ስሄድ ሳላንኳኳ ገፋ አድርጌ እገባለሁ።