የተለዋወጡት ወንበር

ጡረታ የወጡት የአውቶቡስ ሾፌር ልጅም ዘመድም የላቸውም። በአረጋውያን መጦሪያው ውስጥ የእኔ የሚሉት ነገር ቢኖር በመመገቢያ ክፍሉ መስኮት ዳር ያለችው ወንበር ናት። ዕድሜ ልካቸውን ከፊት ተቀምጠው የኖሩ ሰው፣ ከኋላ መቀመጥ አይሆንላቸውም። ወንበሯ አጠገብ ማንም ዝር አይልም ነበር። አንድ ጠዋት ግን ለጓደኛቸው ለልብስ ሰፊው ለቀቁላቸው። ልብስ ሰፊው ዓይናቸውን መርፌ ጨርሶባቸው ብርሃን ይናፍቃቸው ነበር።

«ዛሬ አንተ ንዳ» አሏቸው ሾፌሩ።

«መንጃ ፈቃድ የለኝም እኮ!»

«አንተ ደግሞ! የቆመ መኪና ነው፣ ተቀመጥ።»

በዚያ ቤት መድኃኒት የሚታደለው በወንበር ነበር። ረዳቷ ከቁርስ በፊት ክኒኑን በትንንሽ ኩባያ እያደረገች በየቦታው ታስቀምጣለች፤ ማን የት እንደተቀመጠ የሚያይ የለም። ቀና ብሎ የሰው ፊት ማየት ይህን ያህል ይከብዳል? ልብስ ሰፊው ፊታቸው ያገኙትን ዋጡ። የሾፌሩ የስኳር መድኃኒት ነበር፤ እሳቸው ደግሞ ስኳር የለባቸውም። ሾፌሩ ግን በልብስ ሰፊው ቦታ ተቀምጠው ያገኙት ክኒን መልኩ ግር አላቸው።

«ይሄ የእኔ ነው እንዴ፣ ልጄ?»

«ፋብሪካው ቀይሮት ነው አባባ፣ ይዋጡት» አለች ረዳቷ፣ ዞር ብላም ሳታይ።

ልብስ ሰፊው እዚያው ወንበር ላይ አንቀላፉ። ምሳ ሲቀርብም አልነቁም። ሾፌሩ የጓደኛቸውን ላብ በመሐረብ ጠረጉና «ፀሐይዋ ተስማምታዋለች፣ ተዉት ይተኛ» አሉ። ረዳቶቹም ሥራ ቀለለልን ብለው አለፏቸው። አመሻሽ ላይ ቢጠሯቸው፣ ቢነቀንቋቸው፣ ወይ ፍንክች። ሐኪም ቤት ተወስደው በዚያው ቀሩ። ስኳራቸው ተሟጦ እንደነበር ረዳቶቹ ሲንሾካሾኩ ሾፌሩ ሰሙ፤ ያኔ ሁሉም ነገር ገባቸው።

የልብስ ሰፊው ሴት ልጅ ልብሳቸውን ልትወስድ መጣች። የመጦሪያው ኃላፊ «ምን ይደረጋል፣ ዕድሜ ነው» ብላ ቢሮዋ ውስጥ ስታጽናናት ሾፌሩ ከበሩ ውጭ ሰሙና አላስችል አላቸው። ሳያንኳኩ ቢሮ ገቡ።

«ዕድሜ አይደለም ልጄ፣ አባትሽ የእኔን መድኃኒት ነው የዋጠው። ይተኛ ያልኩትም እኔው ነኝ!»

ኃላፊዋ ተነስታ በሩን ዘጋች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ «አባባ፣ እርጅና ያምታታል» አለቻቸው። «ደግሞስ ከዚህ ቢወጡ መሄጃ አለዎት?»

ሾፌሩ ግድግዳውን ተደገፉ።

«የለኝም» አሉ። ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞረው ከቁርሱ አንስተው ይነግሯት ጀመር።