አባቴ ያላየው ጎል

ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት... አባቴ ጃንጥላውን ይዞ ቦንጋ የኮሌጃችን ሜዳ ዳር ቆሞ ግራ ቀኙን ያያል።

«ሰዉ የት አለ?» አለኝ።

«እየመጣ ነው» አልኩት። ማልያ ለብሼ፣ ዓይን ዓይኑን እያየሁ ዋሸሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሚሌኒየሙ ሰሞን የመምህርነት ተማሪ ነበርኩ፤ አሥር ሲደመር ሦስት በሚባለው ጊዜ። ለኮሌጁ ቡድን በግራ ክንፍ እጫወታለሁ። አንደኛ ዓመት እያለሁ ቅዳሜ ቅዳሜ ሜዳው ዳር መቆሚያ አይገኝም ነበር። ነጋዴው ሱቁን ዘግቶ ይመጣል፣ ሴቶቹ ተማሪዎች ከበሮ ይዘው ስማችንን እየጠሩ ይዘፍናሉ። እኔም ለእረፍት አገራችን ደካ ስሄድ «ከተማው ሥራውን ትቶ ነው የሚያየኝ» እያልኩ ለአባቴ አወራለታለሁ። ኳስ የሥራ ፈት ነገር ነው የሚለው አባቴ እኔን አምኖ ለጎረቤቱ ሁሉ አወራ።

ከዚያ ጋሽ ኑሪ የሚባሉ ነጋዴ ገበያው አጠገብ የእንግሊዝን ኳስ የሚያሳይ ዲሽ ቤት ከፈቱ። መጀመሪያ ነጋዴው ቀረ፣ ቀጥሎ ከበሮው ቀረ... ሦስተኛ ዓመት ስደርስ ተመልካቾቻችን ሸንኮራ የሚሸጡት እትዬ አስቴርና የራሳችን ተቀያሪዎች ብቻ ነበሩ። አሰልጣኛችን ጨዋታውን ወደ ዓርብ ቢያዛውረው ዓርብም የመጣ የለም፤ ወደ ቅዳሜ መለሰው። ይህን ለአባቴ አልነገርኩትም። ምን ብዬ ልንገረው?

ያን ቅዳሜ ሳይነግረኝ ከደካ ከች አለ። «ሰዉ እንዴት እንደሚያይህ ልይ ብዬ ነው የመጣሁት» አለኝ። ልብ በሉ፣ እኔን ሊያይ አይደለም፤ የሚያዩኝን ሊያይ ነው። በዚያው ሰዓት ደግሞ እንግሊዝ አገር ሁለቱ ትልልቅ ክለቦች ይጋጠማሉ። አለቀልኝ።

ተጋጣሚያችን ከዋጫ በአይሱዙ ተጭኖ የመጣ ቡድን ነበር። የእኛ አምበል እኔ ነበርኩ፤ ሳንቲም ሲጣል አምበላቸው ዙሪያውን ቃኘና ከተማው ቀብር ወጥቶ እንደሆነ ጠየቀኝ። ከልቡ ነው የጠየቀኝ።

እረፍት ላይ ዜሮ ለዜሮ ነን። አባቴ ብቻውን ሳሩ ላይ ተቀምጧል። እሱን ላለማየት ፊቴን አዙሬ ውሃዬን ጠጣሁ።

ሁለተኛው አጋማሽ እንደተጀመረ ብዙም ሳይቆይ ኳስ በግራ በኩል ደረሰኝ። አንዱን አለፍኩት። ሁለተኛውን በእግሩ መሐል አሾለክሁበት። ከዚያ ከሩቅ ስመታው በረኛው ቆሞ ነው ያየው። እንደዚያ ያለ ጎል ከዚያ በፊት አግብቼ አላውቅም፤ ከዚያ በኋላም አላገባሁም።

እጄን ዘርግቼ ወደ አባቴ ሮጥኩ።

አባቴ የለም። ጃንጥላውም የለም። ጓደኞቼ እላዬ ላይ ሲወጡ እኔ ባዶውን ሳር አያለሁ።

ጨዋታው እንዳለቀ እትዬ አስቴርን ጠየቅኋቸው። «ሰዉ የት ሄደ ብለው ጠየቁኝ፤ ሽማግሌ አልዋሽም፣ ሁሉም ዲሽ ቤት ነው ብዬ ነገርኳቸው» አሉኝ። አፍሮብኝ የደካ መኪና ሊፈልግ ሄዷል ብዬ ወደ መናኸሪያ በረርኩ። እዚያም የለም። ስመለስ ጋሽ ኑሪ ከዲሽ ቤታቸው በር ላይ ጠሩኝና አባቴ ውስጥ መሆኑን ነገሩኝ።

እሳቸው እንዳሉት አባቴ ገብቶ ቴሌቪዥኑ ፊት ገጭ ብሏል። ልጄ ውጪ እየተጫወተ እናንተ ጨለማ ውስጥ ምን ትሠራላችሁ፣ ተነሱ ብሎ ሰዉን ተቆጥቷል። ሰዉም አባባ ከለሉን ብሎ ለመነው፣ አንዱ የፊት ወንበር ለቀቀለት። ለአፍታ ብሎ ተቀመጠ... በዚያው ቀረ።

ገብቼ አጠገቡ ቁጢጥ አልኩ። ስለ ውሸቴ ሊቆጣኝ ነው ብዬ ፈራሁ፤ ዓይኑ ግን ከቴሌቪዥኑ አልተነቀለም። በካፍኛ፣ «አባ፣ ጎል አገባሁ» አልኩት።

ዞር አለ። ፊቱ ጥቁር አለ። «አመለጠኝ?»

«አመለጠህ።»

ወደ ቴሌቪዥኑ ጠቆመኝ። «እነዚህ እኮ ላመለጠው ሰው ይደግሙለታል። አንተም ድገመው።»

ስለ ካሜራ፣ ስለ ቀረጻ ላስረዳው ሞከርኩ። አልገባውም፤ ወይም እንዲገባው አልፈለገም። ከደካ ድረስ መጥቼ ሳላየው አልመለስም ብሎ ድርቅ አለ። የእንግሊዞቹ ጨዋታ ሲያልቅ ክንዴን ይዞ ወደ ሜዳው ወሰደኝ።

አሰልጣኛችን ኳስ እየሰበሰበ ነበር፤ አንድ ለመንኩት። አባቴ ቅድም የነበረበት ሳር ላይ ተቀመጠ። እኔ በረኛ በሌለበት፣ ተከላካይ በሌለበት፣ የሌለ ሰው እያታለልኩ ከግራ ተነሳሁ... መታሁት። ከአግዳሚው በላይ ወጣ።

«ይሄ አይደለም» አለ አባቴ።

ኳሷን አምጥቼ ቀና ስል መንገዱ ላይ ሰው ቆሟል። ከዲሽ ቤቱ የወጣው ተማሪ ወደ ዶርም የሚያልፈው በሜዳው ዳር ነው። አንድ ማልያ የለበሰ ሰው ከሌለ ሰው ጋር ሲጋጠም አይተው ግራ ገብቷቸዋል። አሥር ሆኑ፣ ሃያ ሆኑ፣ ከዚያ ሜዳው ዳር እንደ ድሮው ሞላ። አንዱ ቀረብ ብሎ ምን እየተደረገ እንደሆነ አባቴን ጠየቀው።

አባቴ ተነሳና በተሰባበረ አማርኛው፣ ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ፣ «ልጄ ነው። ጎል ይደግማል። ቁጭ በሉ» አለ።

ቁጭ አሉ። አልሳቁም እንኳን። እኔም አንዱን አለፍኩ፣ ሁለተኛውን አሾለክሁበት፣ መታሁት... ገባ። ጭብጨባው ገበያው ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

ዞር ብዬ አባቴን አየሁት። ጀርባውን ለእኔ ሰጥቶ፣ ጃንጥላውን ተደግፎ፣ ፈገግ ብሎ ሰዉን ያያል።

ያችን ጎል ሁለቴ አገባኋት... አባቴ ሁለቱንም ጊዜ አላያትም።