የጋሽ ደምሴ ፈተና

ይህ የደረሰብኝ ከኮሮና በኋላ ትምህርት በተከፈተበት ዓመት ጅግጅጋ ውስጥ ነው። ያን ሳምንት ሳስበው ዛሬም ይጸጽተኛል፤ በእኔ ስንፍና አንድ ንጹሕ ሰው ስሙ ጠፍቷልና።

ያኔ በአንድ የጤና ኮሌጅ የኮምፒውተር ባለሙያ ነበርኩ። ከደሴ ከመጣሁ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ዘመድ በሌለበት ከተማ ጋሽ ደምሴ እንደ አባት ሆነውኝ ነበር። የፋርማሲ መምህር ናቸው። ጅግጅጋን ከሃያ ዓመት በላይ ኖረውባታል፤ ሶማሊኛውን እንደ አገሬው ሰው ነው የሚናገሩት። ተማሪዎቹም በሶማሊኛ «መዓሊን»፣ መምህራችን፣ እያሉ ይጠሯቸዋል።

ኮሌጁ አዲስ ሰርቨር፣ የሁሉንም ሰው ፋይል የሚይዝ ማዕከላዊ ኮምፒውተር፣ ሲያስገባ ለመምህራኑም ለተማሪዎቹም አካውንት የከፈትኩት እኔ ነኝ። አካውንት በተከፈተ ቁጥር ማሽኑ ለባለቤቱ የግል ፎልደር ይሠራል። ያን ፎልደር ሌላ ሰው ከፍቶ ማንበብ ይችል አይችል እንደሆነ አስቀድሞ የሚወስነው ግን ባለሙያው ነው። እኔ አልነካሁትም፤ ሲመጣ እንደነበረ ተውኩት። ሁሉም የይለፍ ቃል አለው፣ ምን ይመጣል ብዬ።

አንድ ቀን ጋሽ ደምሴ የማጠቃለያ ፈተናቸውን በፍላሽ ይዘው ሲዞሩ አየሁ።

«ጋሽዬ፣ ፍላሽ ይጠፋል፣ ቫይረስም ይበላዋል። ሰርቨሩ ላይ ያስቀምጡት፤ ከእርስዎ በቀር ማንም አያየውም» አልኳቸው።

አመኑኝ።

ፈተናው ሊሰጥ አንድ ቀን ሲቀረው ቅጂው ከግቢው ፊት ለፊት ካለ ፎቶ ኮፒ ቤት ተገኘ፤ ከነመልሱ። ዲኑ አቶ ፋራህ ጋሽ ደምሴን ጠርተው «ፈተናው ማን ጋ ነበር?» ሲሏቸው፣ «እኔ ጋ ብቻ» አሉ። እውነታቸውን ነው። ያቺው መልስ ወነጀለቻቸው። በዚያው ቀን ከሥራ ታገዱ። ከሰዓት በኋላ ግቢው ሁሉ «ለዘመዶቹ ልጆች አሳልፎ ሰጥቶ ነው» ይል ጀመር።

እኔ ወደ ኮምፒውተር ክፍል ሮጥኩ። ለሙከራ በያዝኩት የተማሪ አካውንት ገብቼ የጋሽ ደምሴን ፎልደር ጠቅ አደረግኩ። ተከፈተ። ፈተናው እዚያው ተቀምጧል። የሌላ መምህር ሞከርኩ፤ ተከፈተ። የሁሉም ይከፈት ነበር።

ከዚያ ያደረግኩትን ለመናገር አሁንም አፍራለሁ። በአንድ ትእዛዝ ሁሉንም ፎልደሮች ዘጋኋቸውና ወንበሬ ላይ ተደግፌ ተነፈስኩ። ማንም አያውቅብኝም ብዬ ነው። ጥቂት ቆይቶ ነው የገባኝ፤ የጋሽ ደምሴን ንጽሕና የሚያሳየው የፎልደሮቹ ክፍት መሆን ነበር፤ እሱን በገዛ እጄ አጥፍቼዋለሁ።

ሁለት ቀን ዝም አልኩ። ብናገር እባረራለሁ፤ ዝም ብል ሰውዬው ያልቅላቸዋል። በሦስተኛው ቀን ቤታቸው ሄድኩ። ባለቤታቸው በሩን ከፍተው «እስቲ አንተ አነጋግረው፣ እኔንም አያናግረኝም» አሉኝ። ጋሽ ደምሴ መጻሕፍታቸውን ካርቶን ውስጥ እየከተቱ ነበር።

ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው። አልጮኹብኝም። የያዙትን መጽሐፍ አስቀመጡና፦

«ታዲያ እኔ ምን ላድርገው? ሂድ፣ ለእነሱ ንገራቸው» አሉኝ።

በማግስቱ ጠዋት የዲሲፕሊን ኮሚቴው ፊት ቀረብኩ። አቶ ፋራህ እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ።

«አሁንስ ክፍት ነው?»

«አሁን ዘግቼዋለሁ።»

«ታዲያ በምን እንመንህ? እንደ አባትህ እንደምታያቸው ሁላችንም እናውቃለን።»

አንዲት የኮሚቴ አባል ወረቀታቸውን መሰብሰብ ጀመሩ። ያን ጊዜ ነው ድንገት ትዝ ያለኝ። የዘጋሁት የነበሩትን ፎልደሮች ነው እንጂ ለአዲስ አካውንት የሚሠራውን ትእዛዝ አልቀየርኩትም። አሁን አዲስ ብከፍት ክፍት ሆኖ ነው የሚወለደው።

«ክቡር ዲን፣ እርስዎ አካውንት የለዎትም። አሁን ልክፈትልዎ። የይለፍ ቃሉን ራስዎ ያውጡ፤ ከዚያ ሰው እንዲያየው የማይፈልጉትን አንድ ነገር ጽፈው ያስቀምጡ» አልኩ።

ከፈትኩላቸውና ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ሲጨርሱ በሌላ ላፕቶፕ በተማሪው አካውንት ገባሁ። አቶ ፋራህ የጻፉት ወለል ብሎ ወጣ። ስለ ጤናቸው ነበር፤ ከዚያ በላይ አልናገርም። ለሌሎቹ ሳላሳይ ስክሪኑን ወደ እሳቸው ብቻ አዞርኩት።

ጠጋ ብለው አነበቡት። ከዚያ ቀስ ብለው «ዝጋው» አሉኝ። «የእኔንም፣ የሚመጣውንም ሰው ሁሉ ዝጋው።»

እገዳው በዚያው ቀን ተነሣ። ለእኔ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ፤ ሲያንሰኝ ነው። ፈተናውን ከፎልደሩ የሰረቁት ሁለት ተማሪዎችም በኋላ አመኑ።

ጋሽ ደምሴ ተመልሰው ሌላ ፈተና አወጡ፣ አስፈተኑ፣ አረሙ። ዓመቱ ሲያልቅ ግን ጊዜያቸው ሳይደርስ ጡረታ ጠይቀው ሐረር ገቡ። ግቢው ውስጥ ያን ወሬ ያወሩ ሰዎች ነገሩ ስህተት እንደነበር ሰምተዋል፤ ይቅርታ የጠየቃቸው ስለመኖሩ ግን አልሰማሁም።

በዓል በመጣ ቁጥር እደውልላቸዋለሁ። ያነሣሉ፣ ይመርቁኛል፣ «መቼ ነው የምታገባው?» ይሉኛል። ስለዚያ ሳምንት አንድም ቀን አንሥተውብኝ አያውቁም። ስልኩን ስዘጋ ሁልጊዜ፣ ምነው አንድ ቀን ተቆጥተው በሰደቡኝ እላለሁ።